ከደጅ ጥናት ወደ እንባ ጠባቂ፤ የካራቆሬ ባላገርና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክርክር

መግቢያ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ብዙ ሰው ተረቱን የፍርሃት ቃል አድርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ንጉሥ አይከሰስም ሲሉ ንጉሥ አቤት አይባልም ማለታቸው አልነበረም። እንዲያውም ባላገር በሹም ሲበደል የተበደለውን ይዞ ወደ በላይ ለመጮህ የታከተበት ዘመን የለም። አይከሰስም የተባለው ንጉሡ ነው፤ ምስለኔው፥ መልከኛውና ጭቃ ሹሙ ግን ሁልጊዜ ይከሰሱ ነበር። የሚከሰሱትም ያው በማይከሰሰው ንጉሥ ፊት ነበር።

እንግዲህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። በባላገርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መካከል ክርክር ሲነሣ ማን ይሰማል? የሰማውስ ምን ለማድረግ ሥልጣን አለው? ለዚህ ጥያቄ አገራችን በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥታለች። የመጨረሻው መልስ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ይህ ተቋም ከውጭ አገር የመጣ ሐሳብ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እውነት ነው፥ ስሙና መልኩ ከውጭ የመጣ ነው። ሊያሟላው የታሰበው ጉድለት ግን የቆየ የራሳችን ጉድለት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ምሳሌዬን የምወስደው ከተወለድሁበት ከካራቆሬ ነው። መምህራንና ጓደኞቼ የቤተሰቤን ጉዳይ በጥናት መጽሔት ላይ ማንሣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብኝ እለምናለሁ። የባላገር ታሪክ በመዝገብ ቤት የሚገኘው በጥቂቱ ሲሆን፥ አብዛኛው የሚገኘው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነውና።

የአያቴ ደረሰኝ

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ ከአጣዬ በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ውስጥ ይቈጠር ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን በኤፍራታና ግድም ወረዳ ይገኛል። ከበላይ ደጋው፥ ከበታች ቈላው አለ። አማራው፥ ኦሮሞውና አርጎባው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው።

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር ይህ አገር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። ከሁሉ የበረታው በግንቦት 24 ቀን የሆነው ነው። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ከመቶ አርባ አምስት የሚሆነው ቤት ወደቀ። ከካራቆሬ በስተሰሜን ያለው ዋና መንገድ በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ተሰነጣጠቀ፥ ናዳም ወረደበት። በአካባቢው አምስት ሺህ የሚያህል ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። የመሬት ነውጥን የሚያጠኑ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ነውጥ በካራቆሬ ስም ይጠሩታል።

ከወደቁት ቤቶች አንዱ የአያቴ ነበር። አያቴ የመሬት ግብርና የአሥራት ደረሰኛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ቤቱ ሲወድቅ ደረሰኙ ከጭቃው በታች ቀረ፤ ክረምቱም ወዲያው ስለ ገባ በሰበሰ። በማግሥቱ ዓመት ግብር የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ያለፈው የሦስት ዓመት ግብር አልተከፈለም፥ ውዝፍ አለብህ አላቸው። ከፍያለሁ አሉ። ደረሰኝ አምጣ ተባሉ። ደረሰኙማ ከቤቱ ጋር ጠፋ አሉ። ደረሰኝ የሌለው አልከፈለም ተባሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ደረሰኝ ሲቈረጥ ቀሪው በደረሰኙ ጥራዝ ላይ ይቀራል። የአያቴ ደረሰኝ ቢበሰብስም ቀሪው በዚያው በሚጠይቃቸው መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ጥራዙን አውጥቶ ለማየት የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ነበር። ነገር ግን አውጣ ብሎ የሚያዝ ሰው አልተገኘም።

አያቴ ሽማግሌ ላኩ። በይፋት ሽማግሌ ክብር አለው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን እንኳ ያስታርቃል። ሽማግሌዎቹ ግን ወደ ጸሐፊው ሄደው፥ «እኔ በአንተ ላይ ቂም የለኝም፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው» የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። መልሱ ትክክል ነበር። ሽማግሌ ሰውን ከሰው ያስታርቃል፤ ሰውን ከመዝገብ ጋር ግን እንዴት ያስታርቃል?

ከዚህ በኋላ አያቴ ለራፖር ጸሐፊ ከፍለው ማመልከቻ አጻፉ፥ በጭነት መኪና ተሳፍረውም አዲስ አበባ ገቡ። በዘመድ ቤት ተጠግተው ብዙ ሳምንት ደጅ ጠኑ። በመጨረሻም የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል በሚያልፍበት መንገድ ከሌሎች አቤት ባዮች ጋር ቆመው ወረቀታቸውን ሰጡ። ከዚያም በኋላ ጉዳዩ ይታይለት የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ወጣላቸው።

ደብዳቤው የሄደው ወደ ማን ነው? ደረጃ በደረጃ ወርዶ፥ ወርዶ፥ መጀመሪያ ወደ ከሰሱት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያም፥ «ንጉሥ ድረስ ሄደህ ከሰስከን?» ተባሉ። አያቴ አንዱን በሬ ሸጡና ሁለተኛ ከፈሉ።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይታይለት የተባለበትን ወረቀት በክብር አስቀምጠውት ነበር። «ጃንሆይማ ፈርደውልኛል፤ የበደሉኝ የታች ሰዎች ናቸው» ይሉ ነበር። ወረቀቱን እኔም አይቼዋለሁ። ፍርድ አይደለም። ይታይለት ማለት ገና አልታየም ማለት ነው። አያቴ ግን የተሰሙ መሆናቸውን ከፍርድ አሳንሰው አልቈጠሩትም።

አቤቱታ በነገሥታት ዘመን

አያቴ ይህን ተስፋ ያገኙት ከምን ነው? ለዚህ የረጅም ዘመን ታሪክ አለ። ንጉሥ የመጨረሻው ዳኛ ነው፤ ማንኛውም ሰው፥ ድኻም ቢሆን፥ በደሉን ለንጉሥ ማሰማት ይችላል የሚል እምነት በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው። ይፋትን ቍልቍል በሚያየው በአንኮበር የነገሡት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) ለአቤቱታ ሰሚነት ጊዜ ይሰጡ እንደ ነበር በዘመናቸው ሸዋን የጐበኙ አውሮፓውያን ጽፈዋል። አቤት ባዩ በሩቅ ሆኖ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከተሰማ ይቀርባል፤ ከቀረበም ይናገራል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዙፋን ችሎት የበለጠ ሥርዓት ያዘ። አፈ ንጉሡ፥ ስሙም እንደሚያመለክተው፥ የንጉሡ አፍ ሆኖ ይፈርዳል፤ በፍርዱ ያልረካ ደግሞ ወደ ንጉሡ ይግባኝ ይላል። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ።

ይህ ዓመት ለያዝነው ጉዳይ ታላቅ ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ባላገር የሚጣላው ከሰው ጋር ነበር፤ ከዚህ ሹም ወይም ከዚያ መልከኛ ጋር። ሹም ይሾማል፥ ይሻራል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ተብሎ የተተረተውም ስለዚሁ ነው። ሹሙ ሲሻር በደሉም አብሮት የሚሻርበት ጊዜ ነበር። ሚኒስቴር ከተቋቋመ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ባላገር መሥሪያ ቤት ከሚባል ነገር ጋር ተገናኘ። መሥሪያ ቤት አይሻርም፤ አይሞትም። ጸሐፊው ቢለወጥ መዝገቡ ይኖራል፤ በመዝገቡ የተጻፈው ስሕተትም አብሮ ይኖራል። ስለዚህ በደሉ መልኩን ለወጠ፤ መፍትሔው ግን ያው የጥንቱ ጩኸት ሆኖ ቀረ።

ዙፋን ችሎት ሁለት ታላላቅ ጥቅሞች ነበሩት። አንደኛ፥ ንጉሡ ያዘዘው ይፈጸማል፤ ከእርሱ በላይ የሚከለክለው የለምና። ሁለተኛ፥ ድኻው በሕግ ቃል ሳይሆን በራሱ ቃል ይናገራል። ነገር ግን ሁለት ታላላቅ ጉድለቶችም ነበሩት። አንደኛው መንገዱ ነው። ከይፋት ተነሥቶ አዲስ አበባ ደጅ ለመጥናት ስንቅ፥ ዘመድና ጊዜ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የሌሉት ሰው በደሉን ይዞ ይቀመጣል። ሁለተኛው፥ የአንድ ሰው ጆሮ የአንድ አገር ሕዝብን ሁሉ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ አብዛኛው አቤቱታ ይታይለት ተብሎ ወደ ታች ይመለሳል። ወደ ታች ሲመለስ ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ቀድሞው ተፋጠው ይገናኛሉ፤ ልዩነቱ ተከሳሹ አሁን የተቈጣ መሆኑ ብቻ ነው።

አቤቱታ በሕግ ሲጻፍ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የሰጡት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው አስገብቷል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን አስፋፋው። በአንቀጽ 63 ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። ከዚያ በፊት ያለው አንቀጽ 62 ደግሞ በመንግሥት ወይም በመሥሪያ ቤቱ ሕገ ወጥ ሥራ ብርቱ ጉዳት የደረሰበት ሰው በፍርድ ቤት ሊከስ እንደሚችል ይፈቅዳል። ወዲያውም ክሱ በተንኰል ወይም ያለ ምክንያት የቀረበ ሆኖ ከተገኘ መንግሥት በተራው ከሳሹን መክሰስ እንደሚችል ይናገራል። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ያስፈራራል ማለት ነው። ደረሰኙ የበሰበሰበት የካራቆሬ ገበሬ ይህን አንቀጽ ቢያነብብ ኖሮ ወደ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበርን? አይመስለኝም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን፥ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን መንግሥትም ሊጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። በዚያው ሕግ በአንቀጽ 2137 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኀላፊነት ክስ ሊቀርብ እንደማይችል ተጽፏል። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች ተረት ቍጥር ተሰጥቶት በዘመናዊ ሕግ ውስጥ ገባ ቢባል ያስኬዳል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከፍርድ ቤቶች ሁሉ በላይ ዙፋን ችሎት ጉዳይን መርምሮ የሚያይበትን መንገድ ጠብቆ አቆየ።

የአቤቱታው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል የጐጃም ታሪክ ያስተምረናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጐጃም ገበሬዎች መሬታችን ሊለካ፥ ርስታችን ሊነካ ነው ብለው ሠጉ። መጀመሪያ ያደረጉት መሣሪያ ማንሣት አልነበረም። መልእክተኞች መርጠው አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ላኩ። የሚያረካ መልስ ባጡ ጊዜ ግን ነገሩ ወደ ዐመፅ ዞረ፤ ጦር ተላከ፥ ሰው ሞተ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፥ የቆየውም ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ገበሬው በመልእክተኛ የለመነውን በጥይት አገኘው ማለት ነው። ለመንግሥትም ለሕዝብም ከዚህ የከፋ ትምህርት የለም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ዙፋን ችሎትም አበቃ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበራትና የፍርድ ሸንጎዎቻቸውም ተቋቋሙ። የመሬት ክርክር ከአዲስ አበባ ወደ መንደር ወረደ፤ ይህ ለሩቅ አገር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ከራሱ ከማኅበሩ አመራር ጋር ሲጣላ የሚሄድበት ገለልተኛ ደጅ አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. የሠራተኛው ሕዝብ ቍጥጥር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የ1980 ዓ.ም. ሪፐብሊክም የመሥሪያ ቤቶችን ሕግ አክባሪነት የሚከታተል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበረው። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የሚመለከቱ ዐይኖች ነበሩ። የመንግሥትን ሀብትና ሕግ ይጠብቃሉ፤ የአንዲት ባልቴትን አቤቱታ ከታች ወደ ላይ ለመሸከም የተሠሩ ግን አልነበሩም።

ስሙ ከየት መጣ?

በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ኦምቡድስማን የሚለው ቃል የስዊድን ቃል መሆኑንና ትርጓሜውም ወኪል፥ እንደራሴ ማለት እንደ ሆነ ነግረውን ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩን አላስተዋልሁትም ነበር።

የስዊድን ንጉሥ ካርል 12ኛ በጦር ተሸንፎ ለብዙ ዓመት በቱርክ ግዛት በስደት ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1713 ሹማምንቱ ሕግ መጠበቃቸውን የሚከታተልለት ወኪል በአገሩ ሾመ። ይህ ወኪል የንጉሡ ወኪል ነበረ። ታላቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1809 ነው። ስዊድናውያን ንጉሣቸውን ካወረዱ በኋላ ባወጡት ሕገ መንግሥት ወኪሉን የሚመርጠው ምክር ቤቱ እንዲሆን አደረጉ። በማግሥቱ ዓመት ላርስ አውጉስቲን ማነርሄይም የመጀመሪያው ሆነው ተመረጡ። ስለዚህ ሥራው ያው ሆኖ ጌታው ተለወጠ፤ የንጉሥ ዐይን የነበረው የሕዝብ እንደራሴዎች ዐይን ሆነ።

ሐሳቡ ከስዊድን ለመውጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1919 ፊንላንድ፥ በ1955 ዴንማርክ፥ በ1962 ኒውዚላንድ፥ በ1967 እንግሊዝ ተቀበሉት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በአፍሪካ በ1966 ታንዛንያ ቋሚ የምርመራ ኮሚሲዮን በማቋቋም ቀደመች። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም መንገድም ግብርም መሬትም ሲይዝ፥ ዜጋው በየቀኑ ከመዝገብ ጋር ይጋጠማል። ለእያንዳንዱ ግጭት ፍርድ ቤት መሄድ ደግሞ ከተገኘው ጥቅም የሚወጣው ወጪ የሚበልጥበት ነገር ነው።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም አዘዘ። ተቋሙ በአዋጅ ቍጥር 211/1992 ተቋቋመ፤ ይህም አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1142 ተሻሽሏል።

ስያሜው ልብ ሊባል ይገባዋል። ስዊድናዊው ወኪል ያለውን እኛ እንባ ጠባቂ አልነው። ቃሉ የተወሰደው ከደጅ ጥናት ዓለም ነው። ንጉሥ የድኻን እንባ ያብሳል ይባል ነበርና፥ አዲሱ ተቋም የዚያን አሮጌ ተስፋ ስም ለብሶ ወጣ። በዚህ ስም ምክንያት ሕዝቡ ከተቋሙ የሚጠብቀው የዙፋን ችሎትን ሥራ ነው። ተቋሙ ግን ዙፋን አይደለም።

ታዲያ ምንድር ነው? በአዋጁ መሠረት የአስተዳደር በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው፥ ወይም ስለ እርሱ ባለቤቱ፥ ቤተሰቡ፥ ወኪሉ ወይም ሌላ ሰው፥ ያለ ክፍያ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ ራፖር ጸሐፊ አያስፈልግም ማለት ነው። ተቋሙ መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ ይጠይቃል፥ ሰነድ ያስቀርባል፥ ይመረምራል። በተቻለ መጠን ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ ይጥራል፤ ይህም ከአገራችን ሽምግልና ጋር ይቀራረባል። ካልሆነ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል፥ ለምክር ቤቱም ሪፖርት ያቀርባል። በሌላ በኩል በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን፥ የምክር ቤቶችን የሕግ አውጭነት ውሳኔና የአገር ጸጥታና መከላከያን የሚመለከት ነገርን አያይም።

እንግዲህ ከዙፋን ችሎት ጋር ስናስተያየው ነገሩ ተገልብጧል። ንጉሡ ሁሉን ማዘዝ ይችል ነበር፤ ጥራዙን አውጥቶ ለማየት ግን ጊዜ አልነበረውም። እንባ ጠባቂው እንደ ንጉሥ አያዝም፤ ጥራዙን ለማስወጣት ግን ሥልጣን አለው። የአያቴን ጉዳይ ባሰብሁ ቍጥር የሚያስፈልጋቸው የነበረው የቱ እንደ ሆነ ግልጽ ይሆንልኛል። አያቴ ዙፋን አላስፈለጋቸውም ነበር። ያስፈለጋቸው የደረሰኙን ቀሪ አምጡ ብሎ የሚጠይቅ፥ ከጠያቂውም ከተጠያቂውም ያልሆነ አንድ ሰው ነበር።

ካራቆሬ ከዚያ ወዲህ

ታሪክ ራሱን አይደግምም ይባላል፤ በካራቆሬ ግን አንድ ጊዜ የደገመ መስሎኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን በደረሰው ግጭት በአጣዬና በአካባቢው ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ቤት ተቃጠለ፥ ብዙ ሺህ ሰው ተሰደደ። በመጋቢቱ ግጭት ከ300 በላይ ሰው መሞቱን ለዓለም የገለጹት የእንባ ጠባቂ ተቋም የዚያን ጊዜው ዋና እንባ ጠባቂ ዶክተር እንዳለ ኃይሌ ነበሩ። ተቋሙ የጠፋውን ነፍስ ቈጥሮ በግልጽ መናገሩ አንድ ሥራ ነው፤ ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ሐዘኑ እንዲታወቅለት ነውና።

ከእሳቱ በኋላ ግን ሁለተኛው፥ ጸጥ ያለው ችግር መጣ። አክስቴ ቤቷ ሲቃጠል የይዞታ ማረጋገጫዋ አብሮ ተቃጠለ። ምትክ እንዲሰጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። ዋናውን አምጪ ተባለች። ዋናውማ ተቃጠለ አለች። ማስረጃ የሌለው ይዞታ የለውም ተባለች። ይህን ስሰማ የአያቴ ድምፅ የመጣብኝ መሰለኝ። መሬት መንቀጥቀጡ እሳት ሆነ፥ ደረሰኙ ካርታ ሆነ፤ ቅጂው ግን ዛሬም የሚገኘው በጠያቂው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

አክስቴን «ለእንባ ጠባቂ ለምን አላመለከትሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ ደግሞ ማነው፥ የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። የተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ለአማራ ክልል ቅርንጫፍ ያለው በባሕር ዳር ነው። ከካራቆሬ ባሕር ዳር ለመድረስ አያቴ አዲስ አበባ ለመድረስ ከተጓዙት የሚበልጥ መንገድ አለ። በወረዳው ቅሬታ ሰሚ የሚባል ክፍል ቢኖርም ያለው በዚያው በአስተዳደሩ ሥር ነው፤ ማለትም ከይታይለት ደብዳቤ መድረሻ እምብዛም አልራቀም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1183 መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በምክንያት አስደግፎ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሆኖም የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው፤ አክስቴ የቆመችበት መስኮት ደግሞ የፌዴራል አይደለም። ይህን ጽሑፍ እስከ ጨረስሁበት ቀን ድረስ ጉዳይዋ አላለቀም። ሽማግሌ ልካለች። መልሱም ያው ነው፤ «ቂም የለንም፥ አሠራሩ ነው»።

መደምደሚያ

ከላይ ከተተረከው ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፥ ባላገርን ከመንግሥት ጋር የሚያጣላው ሁልጊዜ የክፉ ሰው ክፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ መዝገቡን ለማየት የሚገደድ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ሹም በመሻር ብቻ አይድንም፤ በጐጃም ገዥው ቢነሣም በካራቆሬ ጥራዙ እንደ ተዘጋ ኖሯል።

ሁለተኛ፥ አቤቱታ ወደ ተከሰሰው ሰው ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ አቤቱታ አይባልም። ዙፋን ችሎት በታላቅነቱ የወደቀበት ይህ ነው፤ እንባ ጠባቂውም ቅርንጫፉ ወደ ወረዳ ካልቀረበ በሌላ መንገድ የሚወድቅበት ይኸው ነው። «ውሃ ሲጐድል ተሻገር፥ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። ወንዝ ያለበት የይፋት ሰው የተረቱን ፊተኛ ግማሽ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ዳኛው በአቅራቢያ መገኘቱን ይጠይቃል። ተቋሙ በየወረዳው ቤት መሥራት ባይችል እንኳ፥ በገበያ ቀን በየተራ የሚዞርና አቤቱታን በቃል የሚቀበል ሠራተኛ ቢኖረው፥ አዋጁ በቃል ማመልከት ይቻላል ያለው ቃል ሥጋ ይለብስ ነበር።

ሦስተኛ፥ መስማትና መፍረድ የተለያዩ ናቸው፤ ሆኖም መስማትን መናቅ አይገባም። አንዳንድ ጓደኞቼ ማዘዝ የማይችል ተቋም ምን ይጠቅማል ይላሉ። እኔም ከዚህ በፊት እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን አያቴ አርባ ዓመት ሙሉ ያቆዩትን ወረቀት ሳስብ ሐሳቤን እለውጣለሁ። አንድ ሰው ያለ ፍርድ፥ መሰማቱን ብቻ ይዞ ይህን ያህል ዘመን በመንግሥቱ ካመነ፥ ተሰምቶ፥ መዝገቡም ተከፍቶለት፥ መልሱ በጽሑፍና በቀን ቢሰጠው ምን ያህል ያምን ነበር?

አባቶቻችን ንጉሥ አይከሰስ አሉ። እኛ ዛሬ ንጉሥ የለንም፤ መሥሪያ ቤት ግን አለን። መሥሪያ ቤት ይከሰሳል፥ ይጠየቃል፥ መዝገቡንም ይከፍታል የሚለው ሐሳብ በአዋጅ ከተጻፈ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁን የቀረው በካራቆሬ መስኮት ላይ ለቆመች አንዲት ሴት መድረሱ ነው። አክስቴ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ትሄዳለች። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ግልባጭና የአያቴ ወረቀት በእጄ ይሆናሉ።